የሠፈር ሰው ሲወስን፦ የጂም ዲርስ «ኔበር ፓወር» ሂሳዊ ዳሰሳ

ማዘጋጃ ቤት ለሠፈር ነዋሪዎች የልማት ገንዘብ ሰጠ ሲባል የብዙ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሰጠ?» የሚል ነው። ጂም ዲርስ «ኔበር ፓወር» በተሰኘው መጽሐፉ ይህን ጥያቄ ወደ ኋላ ገፍቶ ሌላ ያስቀድማል። ገንዘቡ በምን ውል ተሰጠ? ማን ጠየቀ፣ ማን ወሰነ፣ ነዋሪውስ በበኩሉ ምን አዋጣ? በ2004 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው ይህ መጽሐፍ (በዚህ ዳሰሳ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለነዋሪዎቿ ያቀረበችውን አነስተኛ ድጋፍና በዚያ ድጋፍ የተሠራውን የሠፈር ሥራ ይተርካል። ደራሲው ጉዳዩን ከሩቅ ያጠና ተመራማሪ አይደለም፤ ድጋፉን የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ለ14 ዓመታት የመራ ሰው ነው። የመጽሐፉ ብርታትም ድካምም ከዚሁ ይመነጫል።

ዲርስ ወደ ማዘጋጃ ቤት የገባው በሹማምንት በር አልነበረም። በ1970ዎቹ አጋማሽ በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ፣ በሬኒየር ቫሊ፣ ነዋሪዎችን በማደራጀት ሥራ ተሰማራ። የተከተለው ስልት የቺካጎው ሶል አሊንስኪ ያስፋፋውን ነው፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ብሶትን ማዳመጥ፣ ከብሶቶቹ መካከል በኅብረት ሊረታ የሚችለውን መምረጥ፣ ከዚያም ባለሥልጣኑን በሕዝብ ፊት መልስ እንዲሰጥ ማስገደድ። ቀጥሎ ግሩፕ ኸልዝ በተባለ የጤና ኅብረት ሥራ ማኅበር አገለገለ። በ1988 ከንቲባ ቻርልስ ሮየር አዲስ የተቋቋመውን የሠፈሮች ጽሕፈት ቤት እንዲመራ ሾመው። ከሮየር በኋላም በኖርም ራይስና በፖል ሼል ዘመን በቦታው ቆየ፤ በ2002 ግሬግ ኒክልስ የከንቲባነቱን ሥልጣን ሲይዝ ተነሣ። መጽሐፉ የተጻፈው ከዚህ በኋላ ነው። ቂም ሊጫነው ይችል የነበረ ሥራ ከቂም የጸዳ ሆኖ መውጣቱ የደራሲውን ሥነ ምግባር ያስመሰግናል።

የመጽሐፉ መዋቅር ሁለት አካሄድ ያጣምራል። መጀመሪያ ላይ ትረካው በጊዜ ቅደም ተከተል ይጓዛል፤ ከማደራጀት ዓመታት ተነሥቶ እስከ ሹመቱ ያደርሰናል። ከዚያ በኋላ በርዕሰ ጉዳይ ይከፋፈላል፤ ለሠፈር ሥራ የሚሰጠው ድጋፍ፣ የጋራ አትክልት ቦታዎች፣ የሠፈር ዕቅድ፣ ነዋሪዎች በራሳቸው ተነሣሽነት ያካሄዷቸው ዘመቻዎች በየተራ ይቀርባሉ። የመጀመሪያው አካሄድ ውስጥ ጠንካራ ግጭት አለ። ትናንት ከደጅ ሆኖ ማዘጋጃ ቤቱን ሲሞግት የነበረ ሰው ዛሬ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጧል፤ ሞጋች ሆኖ የተማረውን ይዞ እንዴት ተሞጋች ይሆናል? አንባቢ ይህ ግጭት ወደ ጡዘቱ ሲያድግ ለማየት ይጓጓል። ርዕሰ ጉዳዮቹ ሲጀምሩ ግን የተራኪው የውስጥ ሙግት ይከስምና ዲርስ የሌሎች ሰዎች ሥራ አብሳሪ ይሆናል። ትሕትናው የሚያስከብር ነው፤ እንደ ድርሰት ግን መጽሐፉ እጅግ የሚስበውን ገጸ ባሕርይውን ከመድረክ አውርዷል። ዓመታቱም አብረው ይደበዝዛሉ። ድጋፉ ገና በጨቅላነቱ የሠራውንና ከጎለመሰ በኋላ የሠራውን ለይቶ ለማየት የሚሻ አንባቢ በየምዕራፉ ወደ ኋላ እየተመለሰ መፈለግ ይኖርበታል።

የመጽሐፉ ልብ «ኔበርሁድ ማቺንግ ፈንድ» ስለተባለው የአቻ ፈንድ የሚተርከው ክፍል ነው። ፈንዱ በ1989 በ150,000 ዶላር ተጀመረ፤ በ2001 ዓመታዊ በጀቱ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። የአንድ ሠፈር ሰዎች ሐሳብ ይዘው ይመጣሉ፤ የልጆች መጫወቻ ሊሆን ይችላል፣ የግድግዳ ሥዕል፣ የሠፈር ታሪክ ስነዳ ወይም የጅረት ዳር ተከላ። ከተማው የሚሰጠውን ያህል ዋጋ እነሱም ያቀርቡ ነበር። የእነሱ ድርሻ ግን የግድ ጥሬ ገንዘብ መሆን የለበትም። በፈቃድ የተሠራ የጉልበት ሥራ በሰዓት ተሰልቶ ይያዝላቸዋል። በልግስና የተገኘ ጣውላና ሲሚንቶ በዋጋው ይቆጠራል፤ አንድ መሐንዲስ ወይም ሠዓሊ በነጻ ያበረከተው ሙያም እንዲሁ። ከድርሻው ቢያንስ ሩቡ ከራሱ ከሠፈሩ መምጣት ነበረበት። ትንንሾቹ ማመልከቻዎች አጠር ያለ መስመር ነበራቸው፤ ትልልቆቹን ከየአካባቢው ምክር ቤት የተወከሉ ነዋሪዎች ራሳቸው መዝነው ደረጃ ያወጡላቸው ነበር።

ዲርስ ይህን አሠራር ሲያብራራ ከብዙ የመንግሥት ሪፖርት ጸሐፊዎች የሚለየው እያንዳንዱ ደንብ የቱን የቆየ በደል እንዲያርም እንደተቀረጸ ማሳየት መቻሉ ነው። የጉልበት ሰዓት እንደ ገንዘብ መቆጠሩ የድኻ ሠፈር «የማዋጣው የለኝም» ብሎ ከደጅ እንዳይመለስ ያደርጋል። ጽሕፈት ቤትና ማኅተም የሌለው የጎረቤቶች ስብስብ ማመልከት መቻሉ ዕርዳታን የመጠየቅ መብት በሙያ ማኅበራት እጅ ብቻ እንዳይቀር ያደርጋል። ነዋሪዎች እርስ በርስ መገምገማቸው ሹሙን ከአድልዎ ሐሜትም ከአድልዎ ፈተናም ያድነዋል፤ በዚያ ላይ የአንዱ ሠፈር ተወካይ የሌላውን ችግር ቁጭ ብሎ እንዲሰማ ያስገድደዋል። የገንዘቡ ትንሽነት ራሱ ሥራ ይሠራል። አሥር ሺህ ዶላር የማይሞላ ሥራ ቢከሽፍ ከተማ አይናጋም፤ ስለዚህ ሹሙ «እሺ» ለማለት አይፈራም፣ ከዚህ በፊት ምንም መርቶ የማያውቅ ነዋሪም ለመሞከር አይፈራም። በ1991 ፎርድ ፋውንዴሽንና የሃርቫርድ ኬኔዲ ትምህርት ቤት ፈንዱን በሀገሪቱ ካሉ አሥር እጅግ ፈጠራ የታከለባቸው የአካባቢ መስተዳድር ፕሮግራሞች አንዱ ብለው ሲሸልሙት ያዩት ይህንኑ የደንብ ብልሃት ይመስለኛል። ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ ከተጻፉት ሥራዎች ብዙዎቹ ተሳትፎን በጎ ስሜት አድርገው ያቀርቡታል። እዚህ ተሳትፎ የሒሳብ አያያዝና የማመልከቻ ቅጽ ጉዳይ ሆኖ ይቀርባል፤ የመጽሐፉ ትልቁ ምሁራዊ አስተዋፅኦ ይኸው ነው።

የትረካ ችሎታው ደግሞ በፍሪሞንት ትሮል ታሪክ ላይ ጎልቶ ይታያል። ፍሪሞንት ጥበበኞች የሚበዙበት የሰሜን ሲያትል ሠፈር ነው። በአውሮራ ድልድይ ሥር ያለው ቦታ ቆሻሻ የሚጣልበት፣ ሰው የሚሸሸው ጥግ ሆኖ ነበር። የሠፈሩ የሥነ ጥበብ ምክር ቤት ውድድር አወጣ፤ ንድፎቹ በሠፈሩ ዓመታዊ ትርዒት ለሕዝብ ቀርበው አስተያየት ተሰጠባቸው። ያሸነፈው በስካንዲኔቪያ ተረት ድልድይ ሥር የሚያደባው ግዙፍ ፍጡር፣ ትሮል፣ ሆነ። አራት ባለሙያዎች በብረትና በሽቦ አቁመው በኮንክሪት ሠሩት፤ 5.5 ሜትር ያህል ይቆማል፣ በእጁ እውነተኛ ቮልስዋገን መኪና ጨብጧል። በ1990 ተጠናቀቀ፤ ዛሬ ሲያትልን የሚጎበኝ ብዙ ሰው ሳያየው አይመለስም። ታሪኩ በመጽሐፉ ውስጥ ከጌጥ በላይ ነው። የትኛውም የከተማ ፕላን ክፍል እንዲህ ያለ ነገር በራሱ አያቅድም፤ የትኛውም ኃላፊ «ድልድይ ሥር ጭራቅ እናቁም» የሚል ሰነድ ላይ በራሱ ተነሣሽነት አይፈርምም። ሐሳቡ ከነዋሪ መጥቶ በነዋሪ ሚዛን ስላለፈ ግን ቆመ፤ የተጠላ ቦታም የሠፈሩ መኩሪያ ሆነ። ዲርስ ነጥቡን በክርክር ከማስረዳት ይልቅ በመቼትና በድርጊት እንዲገለጥ መፍቀዱ የጥሩ ተራኪ ምርጫ ነው።

ነገር ግን ይህ ችሎታ ወጥመድም አለው። እንደ ትሮሉ ዓይነት ለዓይን የሚማርኩ ታሪኮች በመጽሐፉ ሲደጋገሙ የብዙዎቹ ሥራዎች ተራ መልክ ይሸፈናል። የፈንዱ የዕለት እንጀራ የትምህርት ቤት መጫወቻ፣ የመንገድ ዳር ዛፍ፣ የሠፈር መሰብሰቢያ እድሳት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስንት ሰው ቀረ፣ ደረሰኝ የሰበሰበችው ገንዘብ ያዥ እንዴት ታከተች፣ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ቀለም እንዴት ተኳረፉ? በሠፈር ሥራ ውስጥ ያለፈ ሰው እውነተኛው ድራማ ያለው እዚያ መሆኑን ያውቃል። የዲርስ ገጸ ባሕርያት ግን በአመዛኙ አንድ ገጽታ ብቻ ያላቸው ናቸው፤ ሁሉም ትጉ፣ ሁሉም ደግ፣ ሁሉም በመጨረሻ አሸናፊ። ግጭት ሲነሣ ሳይጎመራ ይፈታል። ቃናውም ከምዕራፍ ምዕራፍ ሳይለወጥ ብሩህ ሆኖ ይዘልቃል፤ አንባቢን ያበረታዋል፣ ሲውል ሲያድር ግን ያጠራጥረዋል።

በቋንቋው ላይ የማቀርበው አስተያየት ባመዛኙ ምስጋና ነው። ዲርስ የፕላን ባለሙያዎችን ድርቅ ያለ አነጋገር ትቶ ስብሰባ ላይ እንደሚናገር ሰው ይጽፋል። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፣ ስሞቹ ተጨባጭ፣ ግሶቹ ሥራ የሚያሳዩ። ጽንሰ ሐሳብ ሲያነሣ ከታሪክ በኋላ ያነሣዋል። ጆን ክሬትዝማንና ጆን መክናይት በ1993 መጽሐፋቸው ያስፋፉት አስተምህሮ፣ ማለትም አንድን ሠፈር በጎደለው ሳይሆን ባለው ሀብት መመልከት፣ በመጽሐፉ ሁሉ ይሰማል፤ ሆኖም ንድፈ ሐሳቡ ትረካውን አይጫነውም። ይህ ቅለት ዋጋ የሚያስከፍለው ማስረጃ በሚጠየቅበት ቦታ ነው። ሞቅ ያለ የንግግር ቋንቋ «ይህ በምን ታወቀ?» የሚለውን ጥያቄ ማስተናገድ ይከብደዋል።

ስለ ጋራ አትክልት ቦታዎች የሚያወሳው ክፍል በስሜት ለእኔ ከሁሉም የሚቀርበው ነው። «ፒ ፓች» የሚባሉት የሲያትል የጋራ አትክልት ቦታዎች በ1973 የተጀመሩት ፒካርዶ በተባሉ የጣልያን ስደተኛ ቤተሰብ የእርሻ መሬት ላይ ሲሆን፣ ስማቸው ላይ ያለው «ፒ» ፊደልም ከቤተሰቡ ስም የመጣ ነው። ዲርስ አትክልቱን የሚያየው ከምግብ ምንጭነት ባሻገር ጎረቤት የሚተዋወቅበት ቦታ አድርጎ ነው። ከ1995 ወዲህ የከተማው የቤቶች ባለሥልጣን በሚያስተዳድራቸው መኖሪያዎች ውስጥ የተከፈቱት አትክልት ቦታዎች ከደቡብ ምሥራቅ እስያና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ስደተኞች ገበሬነታቸውን መልሰው ያገኙባቸው ሆነዋል። እዚህ ላይ የመጽሐፉ ጭብጥ ከፍ ይላል። ቋንቋውን ገና የማያውቅ፣ በመሥሪያ ቤት ወረፋ ሁልጊዜ ተረጂ የሆነ ሰው እጁን አፈር ውስጥ ሲከት አስተማሪ ይሆናል። በማውንት ቤከር ሠፈር የሚገኘው የብራድነር መናፈሻ ታሪክም ተመሳሳይ ጉልበት አለው። ከተማው ቦታውን ለቤት ግንባታ ሊያውለው ሲያስብ ጎረቤቶች ተነሥተው ተከራከሩ፤ ክርክሩ የከተማዋን መናፈሻዎች የሚጠብቅ ድንጋጌ በ1997 እስከ ማስጸደቅ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ መናፈሻውን ራሳቸው ነድፈው ሠሩት። ዲርስ የተማረው የአሊንስኪ ሙግትና በኋላ የመራው የአቻ ፈንድ በአንድ ቦታ የተገናኙት እዚህ ነው፤ ደራሲው ይህን ግንኙነት አፍታቶ ባለማሳየቱ አዝኛለሁ።

በመከራከሪያ ጥራት የሚልቀው ግን የሠፈር ዕቅድን የሚመለከተው ክፍል ነው። ምክንያቱም እዚህ ተቃዋሚው ድምፅ አለው። በ1994 ሲያትል አጠቃላይ የከተማ ዕቅዷን አጽድቃ የሕዝብ ዕድገት ወደተመረጡ አካባቢዎች እንዲያመራ ስትወስን ብዙ ሠፈሮች ተቆጡ፤ ውሳኔው ከላይ የወረደ መስሎ ታያቸው። ከተማው የሰጠው መልስ ያልተለመደ ነበር፤ ለሠፈሮቹ ገንዘብ ሰጥቶ ዕቅዳቸውን ራሳቸው እንዲያዘጋጁ፣ ባለሙያውንም ራሳቸው እንዲቀጥሩ አደረገ። ደራሲው እንደሚለው 30,000 ያህል ሰው ተሳትፎ 38 ዕቅዶች ተዘጋጁ። ቁጥሩን ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አፍ እንደተነገረ ቁጥር በጥንቃቄ ብንወስደው እንኳ ቀጥሎ የሆነው ክብደት አለው። መራጩ ሕዝብ በ1998 ለቤተ መጻሕፍት፣ በ1999 ለማኅበረሰብ ማዕከላት፣ በ2000 ለመናፈሻዎች ተጨማሪ ግብር ለመክፈል በድምፁ ተስማማ፤ የመጀመሪያው ብቻ 196.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሰው ዕቅዱን የራሱ አድርጎ ካየው ለመክፈልም ይፈቅዳል የሚለው የዲርስ መደምደሚያ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ የቀረበለት ነው። በዚያው ልክ ትንሹ ድጋፍ ብቻውን ከተማ እንደማይሠራም ያሳያል። የሠፈር ቅዳሜ ዘመቻና የመቶ ሚሊዮኖች ግብር እርስ በርስ ሲደጋገፉ ነው ውጤቱ የመጣው።

ወደ ነቀፌታው ልግባ። የመጀመሪያው የማስረጃ ነው። መጽሐፉ ስኬትን የሚለካው በተሠሩ ሥራዎችና በተሰበሰበ መዋጮ ነው። ያልተሳኩ ማመልከቻዎች፣ ተጀምረው የቆሙ ሥራዎች፣ ተሠርተው ማንም ያልጠበቃቸው መናፈሻዎች በቂ ቦታ አላገኙም። የፕሮግራም ኃላፊ የራሱን ፕሮግራም ሲተርክ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ሥራውን ወደ ሌላ ከተማ ለመውሰድ የሚፈልግ ባለሙያ ከስኬቱ ይልቅ ከክሽፈቱ ብዙ ይማር ነበር።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ከመጀመሪያውም ይከብዳል። ጉልበት እንደ ገንዘብ መቆጠሩን ከላይ አድንቄአለሁ፤ አሁንም አደንቃለሁ። ግን ትርፍ ሰዓት እኩል አልተከፋፈለም። ቀን የሆቴል ክፍል ስታጸዳ ውላ ማታ አረጋውያንን የምትንከባከብ እናት ለመዋጮ የምታቀርበው ቅዳሜ የላትም። በተጨማሪም የሙያ አገልግሎት በሙያው ዋጋ፣ የጉልበት ሥራ በአንድ ወጥ ተመን ሲሰላ፣ አርክቴክትና ጠበቃ የሚበዙበት ሠፈር ድርሻውን በጥቂት ምሽቶች ሲሞላ የድኾች ሠፈር ለዚያው መጠን ብዙ ቀን መቆፈር አለበት። ዲርስ ስለ ማካተት ግድ የለውም ማለቴ አይደለም። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ከሠፈር ሥራ ጋር ያገናኘው የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም በመጽሐፉ ከሚገኙት በጎ ሥራዎች እጅግ የሚነካው ነው። የሰዓቱን ሒሳብ ግን እስከ መጨረሻው አልሄደበትም። መዘዙ በኋላ ታይቷል። በ2016 ከንቲባ ኤድ መሪ ከተማዋ ከ13ቱ የአካባቢ ምክር ቤቶች ጋር የነበራትን መደበኛ ግንኙነት ሲያቋርጥ ያቀረበው ምክንያት ምክር ቤቶቹ የነዋሪውን ስብጥር አይወክሉም፣ ዕድሜያቸው የገፋ ነጭ የቤት ባለቤቶች በዝተውባቸዋል የሚል ነበር። በውሳኔው መስማማትም አለመስማማትም ይቻላል፤ ዲርስ ያወደሰው የእርስ በርስ ግምገማ የተመሠረተው ግን በእነዚሁ ምክር ቤቶች ላይ ነበርና የመጽሐፉ ደጋፊ ሁሉ ይህን ክስ ሊመልስለት ይገባል።

ሦስተኛው፣ መጽሐፉ ስለ መቆየት አይጠይቅም። በሬኒየር ቫሊ የሚገኘው የኮለምቢያ ሲቲ ሠፈር የመጽሐፉ ኩራት ነው። ሱቆቹ ተዘግተው መስኮታቸው በጣውላ በተሸፈነ ጊዜ ነዋሪዎች ጣውላው ላይ እንዲከፈቱላቸው የሚመኟቸውን ሱቆች ሥዕል ሳሉ፤ የሙዚቃ ምሽትና የገበሬዎች ገበያ አስጀመሩ፤ ቀስ በቀስ መንገዱ ነፍስ ዘራ። በመጽሐፉ ከተጻፉት ገጾች መካከል እነዚህ በተስፋ የተሞሉ ናቸው፣ ተስፋውም እውነተኛ ነበር። ሆኖም ሠፈር ሲያምር ኪራይ ይንራል። በ2009 ቀላል ባቡር በሬኒየር ቫሊ ማለፍ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ግፊቱ በረታ፤ ጥቁር አሜሪካውያንና ስደተኞች ወደ ደቡብ፣ ከከተማዋ ወሰን ውጭ መገፋታቸውን የሲያትል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ2004 የተጻፈ መጽሐፍ በ2009 የሆነውን ባለማወቁ አይወቀስም። የሲያትሉ ሴንትራል ዲስትሪክት ሠፈር ጥቁር ነዋሪዎች መፈናቀል ግን በዚያን ጊዜም የታወቀ ነበርና ጥያቄው ሊነሣ ይችል ነበር፤ በነዋሪዎች ላብ የተሻሻለ ሠፈር ዋጋው ሲጨምር ጭማሪው የማን ነው? የቤት ባለቤቱና ተከራዩ እኩል ቆፍረው እኩል አያተርፉም። በዚያው በሬኒየር ቫሊ፣ በሬኒየር ጎዳና ላይ ማዕከሉ ያለው የሲያትል ኢትዮጵያውያን ማኅበር በግቢው ለአረጋውያን ተመጣጣኝ ኪራይ ያለው መኖሪያ ወደ መገንባት መሄዱ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ አንድ መልስ ነው። ማኅበሩ ያየው፣ መናፈሻና ሥዕል ሰውን ከሠፈሩ ጋር ቢያስተሳስሩም እዚያው የሚያኖረው ጣሪያ መሆኑን ነው፤ «ኔበር ፓወር» የሚጎድለው ምዕራፍም ይኸው ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ መጽሐፍ ከሩቅ ሀገር የመጣ እንግዳ ሐሳብ አይሆንበትም። በደቦ ያረሰ፣ በዕድር የቀበረ፣ በየከተማው ለሠፈር ኮብልስቶን ያዋጣ ሰው መዋጮንና ኮሚቴን ያውቃል። ከዚህ የቀረበ ምሳሌም አለን። በአማራ ክልል በፊንላንድ ድጋፍ በተካሄደው የገጠር ውኃ ፕሮግራም ከ2003 ጀምሮ የተሞከረው የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ ከሲያትሉ ጋር በመንፈስ አንድ ነው። መንደርተኛው የውኃ ኮሚቴውን መርጦ ለወረዳ ያመለክት ነበር፤ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለኮሚቴው ይደርስ ነበር፤ ኮሚቴው ዕቃ ይገዛ፣ ግንበኛ ይቀጥር፣ ሒሳብ ያወራርድ ነበር። የተሠሩት የውኃ ጉድጓዶችና ምንጮች አገልግሎት ሳያቋርጡ የመቆየታቸው ነገር ይህን አሠራር ወደ ሌሎች ክልሎች እንዲሻገር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። በአንድ ነገር ደግሞ ከሲያትል ይልቃል፤ ተጠቃሚዎቹ ግንባታው ሳይጀመር ለጥገና የሚሆን ቁጠባ ማስቀመጥ ይጠበቅባቸው ነበር። ዲርስ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ስለሚመጣው ዓመት ያነሣው ጥቂት ስለሆነ፣ ይህ የገጠር ልምድ መጽሐፉን በቀጥታ ያርመዋል።

የእኛ አንባቢ ዲርስ ያልገመተው አንድ ጥያቄም ይዞ ይመጣል። ሲያትል ውስጥ ድርሻ የሚያዋጣው ራሱ አመልክቶ የመጣ ሰው ነው። በእኛ ዘንድ መዋጮ ብዙ ጊዜ ከቀበሌ ወርዶ በየቤቱ የሚመደብ፣ ያልከፈለ ሰው አገልግሎት ሲፈልግ የሚታሰብበት ግዴታ ሆኖ ኖሯል። በዚህ ልምድ ላይ የአቻ ፈንድ ቢጫንበት «ማዘጋጃ ቤቱ መሥራት ያለበትን በእኛ ጉልበት ሊያሠራ ነው» የሚለው ጥርጣሬ ተገቢ ነው። መጽሐፉ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የለውም፤ ግን መልሱን የምናገኝበትን መንገድ ያሳያል። ማመልከት መብት ሲሆን፣ አለማመልከትም ያለ ቅጣት ሲቀር፣ መሠረታዊ አገልግሎት ደግሞ ከመዋጮው ጋር ሳይያያዝ ሲቀርብ ብቻ ነው የጎረቤት ጉልበት የጎረቤት ምርጫ የሚሆነው።

እንደ ግምገማ ጥናት ከመዘንነው «ኔበር ፓወር» ጎዶሎ ነው። እንደ ትረካ በጥሩ ሁኔታ ይጀምራል፣ እየቆየ ይለዝባል። የሕዝብ አስተዳደርን ብልሃት ከውስጥ የሚያሳይ ሰነድ አድርገን ስንመዝነው ግን አቻው ጥቂት ነው። ወደ አማርኛ የመመለስ ዕድል ቢገጥመው የአቻ ፈንዱ፣ የአትክልት ቦታዎቹና የሠፈር ዕቅዱ ክፍሎች ሙሉ በሙሉ መተርጎም አለባቸው ባይ ነኝ። ስለ ሬኒየር ቫሊ ኪራይና ስለ 2016ቱ ውሳኔ የሚያስረዳ መቅድም፣ ከአማራ ክልል የውኃ ኮሚቴዎች ልምድ የተቀዳ አባሪ ቢጨመርለት ደግሞ የከተማ ሥራ አስኪያጆች፣ የዕድር ዳኞችና የወረዳ ባለሙያዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ደንብ ሊቀርጹበት የሚችሉት መጽሐፍ ይሆናል።